ለአንዲት ቅጽበት የተዘጋጀ ምስክር

ደረት ላይ የሚንጠለጠል አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ዕድሜውን ሁሉ ያለ ሥራ እንዲጨርስ የሚጸለይለት። በኑክሌር ተቋማት የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ሲገቡ ከመታወቂያቸው ጋር ያንጠለጥሉታል። ዶዚሜትር ይባላል፤ ሰውነት ላይ ያረፈውን ጨረራ ይመዘግባል። በደህና ቀን የሚመዘግበው ኢምንት ነው። ወሩ ወይም ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ይነበባል፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንዳንዶቹ ዶዚሜትሮች ውስጥ ግን ለዘወትር ሥራ የማያስፈልጉ ነገሮች ተሸጉጠዋል፤ ስስ የወርቅ ቅጠል፣ ኢንዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት፣ የመዳብ ቁራጭ፣ የድኝ እንክብል። እነዚህ የተቀመጡት ለክፉ ቀን ነው።

ክፉው ቀን እንዲህ ነው። ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ከልኩ በላይ አንድ ቦታ ሲከማች፣ ወይም ቅርጹና ዙሪያው ሲመቸው፣ ማንም ሳያዘው ሰንሰለታዊው የኑክሌር ምላሽ በራሱ ይነሣል። ፍንዳታ ላይኖር ይችላል። ሰማያዊ ብልጭታ ይታይ ይሆናል፤ በዓይን ጥቅሻ ግን ኒውትሮንና ጋማ ጨረር በአቅራቢያው የቆመውን ሰው አቋርጠውት ያልፋሉ። ሰውየው በእግሩ ከክፍሉ ይወጣል። ቁስል የለውም፣ ደም አይፈሰውም፣ ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ምን ያህል እንደደረሰበት የሚያውቁት ደረቱ ላይ ያለው ዕቃና የገዛ ሰውነቱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ዕቃ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። የሥራ ዘመኑ አንዲት ቅጽበት የሆነ፣ ያችም ቅጽበት እንዳትመጣ ሰው ሁሉ የሚጥርለት መሣሪያ፣ ቀኑ ሲደርስ እውነቱን እንደሚናገር በምን ይታወቃል? የገበያ ሚዛን በየቀኑ ይመዘንበታል፤ ቢያጭበረብር ደንበኛ ያጋልጠዋል። የአደጋ ዶዚሜትርን ግን የሚያጋልጠው አደጋው ራሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በወርኃ ኦክቶበር፣ ከቤልግሬድ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቪንቻ የኑክሌር ምርምር ተቋም፣ ስድስት ሰዎች በአንዲት አነስተኛ ሬአክተር ላይ ሙከራ ያካሂዱ ነበር። ሬአክተሯ በጣም ዝቅተኛ ኃይል እንድትሰጥ ስለታሰበች ግርዶሽ አልተሠራላትም። በአጠገቧ የኒውትሮን መለኪያዎች ነበሩ። ከመለኪያዎቹ አንዱ ተዛባና ተነቀለ። የቀሩት ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው ባሉበት ቆሙ፤ መውጣቱን ያቆመ ቁጥር ደግሞ ለሚያየው ሰው ነገሩ የተረጋጋ ያስመስላል። በመጨረሻ ችግር መኖሩን ያሳወቀው የሰው አፍንጫ ነው። ከስድስቱ አንዱ የኦዞን ሽታ ሸተተው። ሬአክተሯ እስክትጠፋ ድረስ ሁሉም ግሬይ በሚባለው የጨረራ መጠን መለኪያ ከሁለት በላይ፣ አንዳንዶቹም ከአራት በላይ ተቀብለው ነበር።

ከሚችለው ጥግ ደርሶ ዝም ያለ መሣሪያ ከተሰበረ መሣሪያ ይልቅ ያስፈራኛል። የተሰበረው ቢያንስ መሰበሩ ይታያል። በቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ በ1986 አደጋው በደረሰበት ሌሊት በእጅ የነበሩት መለኪያዎች በሰዓት ከ3.6 ሮንትገን በላይ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መርፌያቸው እዚያ ጥግ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቁጥሩ ከላይ ወደ ላይ ሲነገር የመሣሪያው ጣሪያ መሆኑ ቀረና የአደጋው ልክ ሆኖ ተወሰደ። እውነተኛው ጨረራ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እኔ የመሣሪያ ፍተሻ የሚባለውን ነገር የምረዳው ከዚህ ተነሥቼ ነው። መሣሪያው የት ድረስ እንደሚያይ ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው፤ የት ላይ እንደሚታወር አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ሌላው ግማሽ።

የቪንቻዎቹ ስድስት ሰዎች ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። በኩሪ ሆስፒታል ዶክተር ዦርዥ ማቴና ባልደረቦቻቸው ለአምስቱ ከማያውቋቸው ፈረንሳውያን በጎ ፈቃደኞች የተወሰደ መቅኔ ሰጧቸው። አንዱ ሞተ፤ የቀሩት ተረፉ። ሐኪሞቹ ከፊታቸው የነበረውን ውሳኔ አስቡት። ሁለት ግሬይ ያህል የተቀበለ ሰው በጥሩ እንክብካቤ ብዙውን ጊዜ ይድናል። አራት ግሬይ አካባቢ ሕክምና ካላገኙት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ከአሥር በላይ ከሆነ የሚተርፍ እምብዛም የለም። የባዕድ ሰው መቅኔ መስጠት ራሱ ሊገድል ይችላል፤ አለመስጠትም እንደዚያው። ስለዚህ በሁለትና በአራት መካከል ያለው ልዩነት ለሐኪሙ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ለታመመው ሰው ደግሞ ከቁጥር ሁሉ የሚከብድ ቁጥር ነው።

ከዚያ የተደረገው ነገር ልቤን ይነካዋል። በ1960 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ ቪንቻ መጣ። ከአሜሪካው ኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ የመጡትን ጨምሮ የበርካታ አገር ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። ስድስቱ ሰዎች ቆመውበት በነበረው ቦታ የሰው ቅርጽ ያላቸው፣ በውስጣቸው ሶዲየም ያለበት ፈሳሽ የተሞላ አሻንጉሊቶች አቆሙ። ሬአክተሯን እንደገና አስነሡ፤ በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከዚያ የአሻንጉሊቶቹን ፈሳሽ ለክተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከስድስቱ ሰዎች ደም ከተገኘው ጋር አነጻጸሩ። ዓለም ለሁለት ተከፍሎ በሚፋጠጥበት ዘመን፣ በዩጎዝላቪያ ምድር፣ ስድስት ሰዎች የተቀበሉትን መጠን በትክክል ለማወቅ ሲባል ብቻ የሞት ክፍል እንደገና ተዘጋጀ።

ሶዲየም ለምን? በደማችን ውስጥ ያለው ጨው ነው ነገሩ። ኒውትሮን በሰውነት ሲያልፍ የጨዋችንን ሶዲየም ይነካዋል፤ የተነካው ሶዲየም ለጥቂት ሰዓታት ራሱ ጨረራ ያመነጫል፣ በ15 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ሰውየው ምንም ያላሰረ ቢሆን እንኳ ደሙ ይናገራል። ፀጉርና ጥፍርም ይናገራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ድኝ በፈጣን ኒውትሮን ተመትቶ ወደ ፎስፎረስ ይለወጣል። ከራስ፣ ከደረትና ከእግር ላይ የተወሰደ ፀጉር ተነጻጽሮ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደነበር ይታወቃል። ሰው ሳይመርጠው የገዛ ሰውነቱ መዝገብ ይሆናል።

ከቪንቻ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ1958፣ ኦክ ሪጅ ውስጥ ባለው ዋይ-12 በሚባለው ፋብሪካ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ ስምንት ሰዎች ተጎድተው ነበር። ሁሉም ከአደጋው ተርፈዋል። የደማቸው ሶዲየም ተለካ፤ ግን ይህን ያህል ሶዲየም ይህን ያህል መጠን ማለት ነው የሚለውን ስሌት የሚያረጋግጥ ነገር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የአደጋውን ሁኔታ በሚመስል ሙከራ አንዲት አህያ ለጨረራ ተጋለጠች፤ ደሟም ተለካ።  የስምንት ሰዎች ዕጣ የተሰላው በእርሷም ደም ነው፤ እኔ በበኩሌ አህያዋን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንደሚባለው፣ የአደጋ ዶዚሜትርንም ከእሳቱ ውጭ መፈተን አይቻልም። በተለመደው ላቦራቶሪ ውስጥ ባለ የሲዚየም ምንጭ ቀስ ብሎ በሚወጣ ጋማ ጨረር ፈትኖ ደህና ነው ማለት በቂ አይሆንም። የእውነቱ አደጋ ሲመጣ ኒውትሮንና ጋማ ተቀላቅለው፣ ብዙ ጊዜ በድንገተኛ ምት ይመጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምት ማምጣት የሚችል ሬአክተር ያስፈልጋል። ኦክ ሪጅ ውስጥ ለዚሁ ለጤና ፊዚክስ ምርምር የተሠራ፣ ግርዶሽ የሌለው የዩራኒየም ሬአክተር ነበር። ከ1965 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የተለያዩ አገሮች ላቦራቶሪዎች በየጊዜው ዶዚሜትሮቻቸውን ይዘው እዚያ ይገናኙ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በቫልዱክ ሲሌን የተባለው ሬአክተር በ1993 እና በ2002 ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል፤ በአሜሪካ ኔቫዳ ጎዳይቫ የሚባለው አለ።

ፈተናው ሲካሄድ የሚሆነውን በቅርብ ላሳያችሁ። ሬአክተሩ ዙሪያ፣ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ ውኃ ወይም የጨው ውኃ የተሞሉ የሰው ደረት የሚያህሉ፣ ፋንቶም የሚባሉ አሻንጉሊቶች ይቆማሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ዕቃዎች ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፤ አንዳንዴ በመካከል የብረት ወይም የኮንክሪት ግርዶሽ ይገባል፣ ምክንያቱም አደጋ የሚመርጠው ግድግዳ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ምቱ ይመጣል፤ ከውጭ ለሚጠብቀው ሰው የሚሰማ ነገር የለም። ቦታው እስኪበርድ ከተጠበቀ በኋላ ዕቃዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሩጫው ከጊዜ ጋር ነው።

ኢንዲየሙ በኒውትሮን ተመትቶ ጨረራ አመንጪ ሆኗል፤ የያዘው ነገር ግን በ54 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከሌላ 54 ደቂቃ በኋላ ሩቡ ብቻ ይቀረዋል። በእውነተኛ አደጋ ጊዜ ይህ ለመለየት ይጠቅማል። ከሕንፃው የወጡት ሠራተኞች ይሰለፋሉ፣ ባለሙያው የጋይገር ቆጣሪውን በእያንዳንዱ ደረት ላይ ካለው ዕቃ ጋር ያስጠጋል። ቆጣሪው ከተንጫጫ ያ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው፤ ዝም ካለ ወደ ጎን ይቆማል። ወርቁ ከኢንዲየሙ ይታገሣል፤ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ድኙ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ወርቅ በተለይ ቀስ ያሉትን ኒውትሮኖች ይይዛል፣ ድኝ የሚሰማው ፈጣኖቹን ብቻ ነው። ሊቲየም ፍሎራይድ የምትባለው ትንሽ ክሪስታል ደግሞ ያረፈባትን ጨረራ በውስጧ አምቃ ትቆይና ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሞቅ በብርሃን መልክ ትለቀዋለች። ሁሉም የሚያውቁት ከፊሉን ነው፤ ባለሙያው ቃላቸውን አገጣጥሞ አንድ ቁጥር ያወጣል።

አዘጋጆቹ ትክክለኛውን መጠን ያውቃሉ፣ ግን ይዘውት ይቆያሉ። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ያገኘውን ካስረከበ በኋላ ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል። አንዱ ወደ እውነቱ ቀርቧል፤ አንዱ በሃያ በመቶ ስቷል፤ አንዱ እጥፍ ርቋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያረካኝ ይህ ክፍል ነው። ስህተትን መደበቅ በሚያዋጣበት ሙያ ውስጥ፣ ማንም ሳይጎዳ ስህተትን አደባባይ ለማውጣት በፈቃድ መሰብሰብ ትልቅ ሥነ ምግባር ነው። ዛሬ ፋንቶም ላይ በሃምሳ በመቶ የሳተ ላቦራቶሪ ነገ ሰው ላይ ባይስት፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ራሱም አያውቅም።

ሃምሳ በመቶ ስል የዘፈቀደ ቁጥር አላነሣሁም። በዚህ ሙያ የቆየው ልማድ ከአደጋው በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት የሚሰጠው የመጀመሪያ ግምት እስከ ሃምሳ በመቶ ቢሳሳት ይፈቅዳል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ስህተቱ ወደ ሃያ አምስት በመቶ እንዲወርድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ የተቀበልከው አራት ግሬይ ነው፣ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ስድስትም ሊሆን ይችላል ይለዋል። ሁለት ከሆነ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። ስድስት ከሆነ ልጆቹን ቶሎ ማስጠራት ይገባዋል። በዚህ ሰፊ ክፍተት ውስጥ የተኛው ሰው ምን ያህል ሌሊት ያነጋል? ስለዚህ ከሃምሳ ወደ ሃያ አምስት መውረድ የባለሙያ ኩራት ብቻ መስሎ አይታየኝም። እርግጠኛ ባልሆነ ቃል የሚሰቃይን ሰው ስቃይ በግማሽ መቀነስ ነው።

ዕቃ ያልታሰረባቸው ሰዎችስ? የአቶም ቦምብ በተጣለባቸው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ማንም ዶዚሜትር አላሰረም ነበር። ከዚያ የተረፉት ሰዎች ጤና ለአሥርት ዓመታት ሲጠና ኖሯል፤ ዛሬ ለሠራተኛ የሚፈቀደው የጨረራ ወሰን በአብዛኛው የቆመው በእነርሱ ላይ በታየው ነገር ነው። ግን እያንዳንዳቸው ስንት ተቀበሉ? ይህን ለማወቅ በ1962 አሜሪካኖች በኔቫዳ በረሃ 465 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ አቆሙ፤ ያንኑ የኦክ ሪጅ ሬአክተር በማማው ላይ ሰቅለው ከታች የጃፓን ቤቶችን የሚመስሉ ቤቶች ሠሩ፤ ጨረራው በግድግዳና በጣሪያ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚቀንስ ለኩ። በሁለቱ ከተሞች የተገኙት የጣሪያ ሸክላዎችም በኋላ ተወስደው ተሞቁ፤ በውስጣቸው የታመቀው ብርሃን ተለካ። ቦምቡ በወደቀ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በበረሃ ውስጥ ባዶ የጃፓን ቤት መሥራት ምን ያህል የዘገየ ሥራ ነው! ግን ባይሠራ ኖሮ ዛሬ ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ዕቃ የሚያወጣው ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር?

በ1999 መስከረም መጨረሻ ላይ ጃፓን ቶካይሙራ ውስጥ ሠራተኞች የዩራኒየም ፈሳሽ በባልዲ ወደማይገባው ጋን ሲገለብጡ ያው ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ሦስት ሠራተኞች ክፉኛ ተጎዱ፤ ሁለቱ ከወራት ሥቃይ በኋላ ሞቱ። መጠኑ የታወቀው በደማቸው ሶዲየም፣ በነጭ የደም ሕዋሳታቸው መቀነስና በክሮሞዞሞቻቸው መሰባበር ነው። በአካባቢው ቤቶች የነበሩ አምስት የን ሳንቲሞችም ተሰብስበው ተመረመሩ፤ ሳንቲሙ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ኒውትሮን ሲነካው አሻራ ይቀርበታል። በእናቶች ቦርሳና በልጆች ሙዳይ የነበረ ዝርዝር ገንዘብ ያልታሰበ ዶዚሜትር ሆነ። ይህ ሁሉ ብልሃት ያስደንቀኛል፤ ግን ያሳዝነኛልም፤ አብዛኛው የመጣው ዕቃው መኖር በነበረበት ቦታ ስላልነበረ ነው።

የጃፓኑ የፉኩሺማ የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ሌላ ነገር አስተማረኝ። በመጋቢት 2011 ሱናሚው የጣቢያውን ዶዚሜትሮች አበላሸ፤ ወደ 5,000 ከሚሆኑት 320 ያህል ብቻ ቀሩ። ለተወሰነ ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ ዕቃ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የመሪው ደረት የሁሉም ደረት ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ የቁጥር እጥረት ነው። ከዚያ የባሰው ግን በዚያው ወር 24 ቀን ሆነ። ሦስት ሠራተኞች በሦስተኛው ሬአክተር ተርባይን ሕንፃ ምድር ቤት በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ገብተው ኬብል ሲዘረጉ የዶዚሜትሮቻቸው ማንቂያ ጮኸ። ተበላሽቶ ነው ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከ170 ሚሊሲቨርት በላይ ጨረራ ተቀበሉ። ዕቃው በትክክል ሠርቶ ነበር። እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ በዚያ ሳምንት በጣቢያው ውስጥ የሚያስተማምን መሣሪያ ስንት ነበር? ከዚያ በታኅሣሥ ወር ደግሞ የአንድ ንዑስ ሥራ ተቋራጭ ኃላፊ ሠራተኞቹን ዶዚሜትራቸውን በእርሳስ ሸፍነው እንዲገቡ አደረገ፤ ቁጥሩ ወሰኑን ካለፈ ሥራው ስለሚቋረጥ። ነገሩ በቀጣዩ ዓመት ተጋለጠ።

በኦክ ሪጅም በቫልዱክም የተፈተነው ወርቁና ክሪስታሉ ነው። የሰውየውና የዕቃው መተማመን በፋንቶም አይፈተንም። ማንቂያው ሲጮህ እንዲያምን፣ ሠራተኛው ከዚያ በፊት ቁጥሩን ማየት አለበት፣ ማን እንደሚያነበው ማወቅ አለበት፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል የእንጀራ ገመዱ እንደማይበጠስ ቃል ሊገባለት ይገባል። ይህ ሲጎድል ሥራውን የሚፈራ ሰው ዕቃውን በእርሳስ ይሸፍነዋል ወይም መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል፤ ፈጽሞ አይፈረድበትም።

በአገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የለም። ዶዚሜትር ግን አለ፤ በራጅ ክፍሎችና በካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደረት ላይ። ከእነርሱ አንዱ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ዕቃውን ከጋዋኑ ጋር ሰቅላችሁ ወደ ማሽኑ አትግቡ። ባለፈው የተነበበላችሁን ቁጥር ጠይቁ። ያነበበው ላቦራቶሪ ራሱ መቼ እንደተፈተነ፣ ከሌሎች ጋር ተነጻጽሮ ምን ያህል እንደሳተ ጠይቁ፤ የእናንተ አካል ነውና መጠየቅ መብታችሁ ነው። ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ፣ ሠራተኛው ደጅ ሳይጠና ቁጥሩን በእጁ ስጡት።